ከባቱ እስከ ጫሞ፦ አሳ የሚያሳድረው ቤት

ሐሙስ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባቱ

የጥር መጨረሻ ነው። ልጄ የግማሽ ዓመት ፈተናውን ጨርሶ ዕረፍት ላይ ነው፤ ዐቢይ ጾም ደግሞ ደጃፍ ላይ ደርሷል። ጾም ሲገባ እኛ ቤት አሳ ይበዛል። ጾም ላይ አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ልተወውና፣ በዚህ ወቅት አዲስ አበባ ውስጥ አሳ እንደሚፈለግ፣ ዋጋውም እንደሚንር የማያውቅ የለም። ያ ሁሉ አሳ ከየት እንደሚመጣ፣ ማን ሌሊቱን ውሃ ላይ እንደሚያድር፣ ጠዋት ቤቱ ምን ይዞ እንደሚገባ ግን ሲወራ አልሰማም። ስለዚህ ታናሽ ወንድሜ መኪናውን ያዘ፣ እኔና የአስራ አንድ ዓመቱ ልጄ ሻንጣችንን ሸክፈን፣ ሐይቅ ሐይቁን ተከትለን ወደ ደቡብ ወረድን።

ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው የፍጥነት መንገድ ጉዞውን አቅሎታል። ከሰዓት በኋላ ባቱ ገባን። ብዙ ሰው አሁንም ዝዋይ ነው የሚላት። ሐይቁ ስፋቱ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቀቱ ግን በአማካይ 2.5 ሜትር ብቻ፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 9 ሜትር ገደማ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ። ውሃው ጥልቀት ስለሌለው ፀሐይ ያሞቀዋል፣ ነፋስ ያማስለዋል፣ አልጌ ይበዛበታል፣ አልጌ ሲበዛ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚሉት አሳ) ይመቸዋል። ባቱ የአሳ አገር የሆነችው በዚህ ነው። ግን ደግሞ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ትንሽ ውሃ ሲቀዳለት ዳርቻው ብዙ ይሸሻል። ቆሮሶ ደግሞ ጎጆውን የሚሠራው ዳርቻ ላይ ነው።

ማታ አሳ ጥብስ አዘዝን። ሙሉውን፣ ጎንና ጎኑ በስለት ተተልትሎ፣ በዘይት ደርቆ የተጠበሰ፣ ከአዋዜና ከሎሚ ጋር። ልጄ አሳ ከነጭንቅላቱ ሲቀርብለት መጀመሪያ ፈራ፣ ከዚያ ጭራውን ሰብሮ መቆርጠም ጀመረ። ወንድሜ አስተናጋጁን «ትልልቅ የለም እንዴ?» አለው። «ይሄ እኮ ትልቁ ነው» አለ ልጁ። ሳህኑ ላይ የነበረው አሳ ከመዳፌ ብዙም አይበልጥም።

ዓርብ፣ ባቱ ሐይቅ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳን። አንድ ሽማግሌ አሳ አጥማጅ ሊወስዱን ተስማምተው ነበር። ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ነው የሚሠሩት። መረቡን ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘረጉታል፣ ንጋት ላይ ያወጡታል። ታላቁ ልጅ ይቀዝፋል፣ ታናሹ መረቡን እየሳበ ያስገባል፣ አባት አሳውን ከመረቡ ያላቅቃሉ። ማንም ማንንም አያዝም፣ ነገሩ እጃቸው ላይ ነው ያለው።

እዚህ ላይ ያየሁትን ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። አባት አንዲት ቆሮሶ ከመረቡ አላቀቁና ጀልባው ውስጥ ጣሉ። ስትወድቅ አፏ ተከፈተ። ከአፏ እንደ ተልባ ፍሬ ያሉ ነገሮች ወለሉ ላይ ካለው ውሃ ተደፉ። ልጄ ጎንበስ አለና «እማ፣ ይንቀሳቀሳሉ!» ብሎ ጮኸ። እውነትም ይንቀሳቀሳሉ። እያንዳንዳቸው ሁለት ጥቁር ዓይን አላቸው። ሆዳቸው ላይ ቢጫ ነገር ተለጥፏል።

«እናት ናት» አሉ ሽማግሌው። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏን ጥላ አትሄድም። ወንዱ በአፉና በክንፉ ዳር ዳሩን አሸዋውን ጠርጎ ጎድጓዳ ጎጆ ይሠራል፣ እሷ ትጥልበታለች፣ ወዲያው እንቁላሉን መልሳ አፏ ውስጥ ትከታለች። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያህል እዚያው ይዛ ትቆያለች። ይፈለፈላሉ፣ ዋና ይለማመዳሉ፣ አደጋ ሲያዩ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ምግብ የምትበላ አይመስላችሁ። ጾሟን ነው። አፍ ውስጥ ልጅ ይዞ እንዴት ይበላል?

ሽማግሌው በጣሳ ውሃውን ጨልፈው፣ ፍሬዎቹን ይዘው ወደ ሐይቁ ደፉ። ልጄ «ይተርፋሉ?» አላቸው። «እናት ከሌለች ማን ይጠብቃቸዋል ማሙሽ፤ ግን ጀልባ ውስጥ ከሚደርቁ ይሻላል» አሉት። እናትየው ግን ወደ ክምሩ ተጣለች። እሷ የዕለቱ ዳቦ ናት።

ከዚያ ስለ መረቡ አወራን። እኔ ከዚህ ጉዞ ይዤው የመጣሁት ትልቁ ነገር ይኸው የመረብ ነገር ነው። ሽማግሌው ጣቶቻቸውን በመረቡ ዓይን ውስጥ አስገብተው አሳዩኝ። «ድሮ አራት ጣት ይገባ ነበር» አሉ። አሁን ሁለት ጣታቸው ገብቶ ተጨናነቀ። የመረቡ ዓይን ሰፊ ሲሆን ትንሹ አሳ ያልፋል፣ አድጎ ይወልዳል፣ በሌላ ዓመት ይያዛል። ዓይኑ ሲጠብ ሳይወልድ ይያዛል። ይህን ለማወቅ ምርምር ማዕከል መሄድ አያስፈልግም፣ የአሳ ምርምር ማዕከሉ ግን እዚያው ባቱ ውስጥ አለ። አጥማጁ ሁሉ ያውቀዋል። ታዲያ እያወቁ ለምን?

መልሱን ያገኘሁት ሐይቁ ላይ ሳይሆን እቤታቸው ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ቁርስ ጠሩን። ባለቤታቸው በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው የተቀደደ መረብ ይጠግናሉ፣ አንደኛውን ጫፍ በእግራቸው አውራ ጣት ወጥረው ይዘውታል። ሻይ ቀዱልን፣ ዳቦ ቆረሱልን፣ እጃቸው ግን ወዲያው ወደ መረቡ ተመለሰ። «የመረብ ጉዳይ የኔ ነው» አሉኝ። ሒሳቡንም የሚይዙት እሳቸው ናቸው፤ የታናሹ ልጅ ያለቀ ደብተር ጀርባው ላይ በእርሳስ ተጽፏል። የነጋዴ ዕዳ፣ የዱቄት፣ የትምህርት ቤት፣ የመድኃኒት።

ነገሩ እንዲህ ነው። መረብ ውድ ነው። ነጋዴው መረቡን በዱቤ ይሰጣል፣ በምትኩ አሳውን እሱ በሚለው ዋጋ ይረከባል። ዕዳው እስኪያልቅ ለሌላ መሸጥ የለም። አሳው ሲቀንስ ዕዳው አያልቅም። ዕዳው ሳያልቅ መረቡ ያረጃል፣ ሌላ ዱቤ ይመጣል። ነጋዴው የሚያመጣው ደግሞ ዓይነ ጠባቡን፣ ቀጭኑን፣ ነጠላ የላስቲክ ክር የሆነውን ነው። ርካሽ ነው፣ ውሃ ውስጥ አይታይም፣ አሳ ይይዛል። ሲቀደድ ግን እንደ ድሮው የጥጥ ክር በደንብ አይጠገንም። ብዙ ጊዜ ቆርጠው ይጥሉታል። ሐይቅ ውስጥ የቀረ ቁራጭ ደግሞ አይበሰብስም፣ ባለቤት ሳይኖረው አሳ ሲይዝ ይኖራል።

«እቴቴ፣ ሰፊውን ብትገዙስ?» አልኳቸው።

«ሰፊውን ገዝቼ ለስድስት ወር ባዶ መረብ ላወጣ?» አሉ። «ጎረቤት በጠባቡ እያወጣ፣ እኔ ትንሹን ለሱ ላሳልፍለት?»

ይህን ስሰማ ዝም አልኩ። ትክክል ናቸው። ብቻውን ሰፊ መረብ የዘረጋ ቤት ልጆቹን ያስርባል። አብረው ካላደረጉት አይሆንም። አሳ አጥማጁን «ሀብት አጥፊ» እያሉ መዝለፍ የሚቀናቸው ሰዎች ያንን ደብተር ጀርባ ቢያዩት ደስ ይለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ በሞተር ጀልባ ወደ ቱሉ ጉዶ ተሻገርን። በሐይቁ ካሉት አምስት ደሴቶች ትልቁ ነው። የዛይ ሕዝብ ደሴት ነው። የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፣ ሴማዊ ነው። በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ እዚህ ተቀምጣለች የሚለው ትውፊት የነሱ ነው። እርከን ሠርተው ያርሳሉ፣ አሳ ያጠምዳሉ፣ ብዙዎቹ ግን መሬትና ሥራ ፍለጋ ወደ ዳር ወጥተዋል። ስንመለስ ዳር ዳሩን እምቦጭ አየን። አረንጓዴ ምንጣፍ አንጥፎ ወይን ጠጅ አበባ አብቧል። ከላይ ሲያዩት ያምራል፣ ከሥሩ ግን ብርሃንና አየር ይከለክላል፤ መረብ ይበላል፣ ጀልባ ያስራል። ከእምቦጩ ወዲያ ደግሞ የውሃ ፓምፖች ተደርድረዋል። ቲማቲሙም፣ ሽንኩርቱም፣ የአበባ እርሻውም የሚጠጣው ከዚሁ ሐይቅ ነው። የከተማው የመጠጥ ውሃም እንደዚያው።

ቅዳሜ፣ በአብጃታ በኩል ወደ ሐዋሳ

ከባቱ ሐይቅ የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ አብጃታ ይገባል። ባቱ ላይ ውሃ ሲቀዳ ቡልቡላ ይቀጥናል፣ ቡልቡላ ሲቀጥን አብጃታ ይደርቃል። ከአብጃታ ራሱ ደግሞ ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ውሃ ሲቀዳ ኖሯል። ሐይቁ ሸሽቶ ሸሽቶ አሁን ከድሮው ዳርቻ እስከ ውሃው ነጭ ሜዳ ነው፣ ሲረግጡት ይሰነጠቃል።

አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ጎረቤቱ ሻላ በጣም ጥልቅ ነው፣ 266 ሜትር ይደርሳል፤ ውሃው ጨዋማ ስለሆነ ለአሳ አይመችም። ግን ደሴቶች አሉት፣ ነጩ ፔሊካን የሚባለው ትልቅ ወፍ እዚያ ይፈለፍል ነበር። ለጫጩቶቹ አሳ የሚያመጣው ከአብጃታ ነው፤ በሻላና በአብጃታ መካከል ያለውን ኮረብታ እየተሻገረ። አብጃታ ጨዋማነቱ ሲጨምር አሳው አለቀ። አሳው ሲያልቅ ፔሊካኑ ጎጆውን ትቶ ሄደ። የአሳ አጥማጆቹም ጀልባ አብሮ ጠፋ። ስለ አካባቢ ጥበቃ በየስብሰባው ብዙ ይባላል፤ እኔ ግን ያንን ነጭ ሜዳ ካየሁ በኋላ ብዙ ማብራሪያ አልፈለግሁም። ልጄም አልጠየቀም። ፍላሚንጎዎቹን ቆጥሮ ሊጨርስ ሲሞክር ሰዓቱ ሄደ።

ማታ ሐዋሳ ገባን።

እሑድ፣ አሞራ ገደል

ሐዋሳ ሄዶ የአሳ ገበያውን አሞራ ገደልን ያላየ ሐዋሳን አላየም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጀልባዎቹ መምጣት ይጀምራሉ። ከመድረሳቸው በፊት ግን አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች ደርሰዋል። ሰው የሚያክል ቁመት፣ መላጣ ጭንቅላት፣ አንገት ላይ የተንጠለጠለ ከረጢት። መሬት ላይ ከሰው ጋር ተሰልፈው ይጠብቃሉ። የአሳ ሆድ ዕቃ ሲጣል እየተሻሙ ይውጡታል። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ ቦታው በሽታ ነበር የሚሆነው፤ ከተማዋ ደሞዝ የማትከፍላቸው ጽዳት ሠራተኞች ናቸው።

ጀልባው ሲጠጋ ሴቶቹ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ይጠብቁታል። ድርድሩ እዚያው ውሃ ውስጥ ነው። ማን የማን ደንበኛ እንደሆነ ይታወቃል። አንዷ ሴት ባሏ በመቅዘፊያ ሲጠጋ አይታ፣ ሰላም እንኳ ሳትለው ጀልባው ውስጥ ተመለከተችና ፊቷ ጠቆረ። ከመረቡ ውስጥ ያለው አሳ ጥቂት ነው። ወዲያው ግን ሳቅ አለችና «እንኳን በሰላም መጣህ» አለችው። ሌሊት ሐይቁ ላይ ነፋስ ነበር። ጉማሬም አለ። ለካ ጭንቀቷ ሁለት ነው።

አሳ የመግፈፉና የመሰንጠቁ ሥራ የልጆች ነው። እዚህ ላይ የሐዋሳ ልጆችን የሚያህል የለም። አንዱ አስራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ቆሮሶውን አጋድሞ፣ ከጭንቅላቱ ሥር በምላጭ ሰንጥቆ፣ የቆዳውን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ ይይዝና ሥጋውን በእጁ ወደ ታች ይስበዋል። ቆዳው ጥርሱ ላይ ይቀራል፣ ሥጋው እጁ ላይ። ሁለት ትንፋሽ አይፈጅም። አገላብጦ ሌላኛውን ጎን። አጥንቱን ለሾርባ፣ ሆዱን ለአባ ኮዳ። ልጄ አፉን ከፍቶ ነው ያየው። «ጥርስህን አያምህም?» አለው። «ጠዋት ጠዋት ብቻ» አለው ልጁ። «ከዚያስ?» «ከዚያማ ትምህርት ቤት አለ።» ዛሬ እሑድ ነው፣ ደስ አለኝ። ሰኞም ትምህርት ቤት እንደሚሄድ ተስፋ አደርጋለሁ። አባቱ ታሞ ስለነበር ጀልባው ላይ የሚወጣው ታላቅ ወንድሙ እንደሆነ፣ ታላቅ ወንድሙ ግን ስምንተኛ ክፍል ላይ እንዳቆመ ነገረን። አሳ ቤተሰብን ያሳድራል። አንዳንዴ ደግሞ ከቤተሰቡ አንዱን ልጅ ከክፍል ያስቀረዋል። ይህ በሐዋሳ ብቻ አይደለም፣ ባቱም ያየነው ታላቁ ልጅ እንዲሁ ነው።

ጥሬ አሳ በዳጣ በላን። ማለቴ እኔና ወንድሜ፤ ልጁ የተጠበሰውን ይዞ ሸሸ። ነጭ ሥጋ፣ ሎሚ፣ ዳጣው አፍንጫ ድረስ የሚወጣ። ከላዩ የአሳ ሾርባ። አጠገባችን የተቀመጡ አባት «አምባዛ ስጡኝ» ሲሉ ሌላው ሳቀባቸው። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው የማይበሉት ብዙ ናቸው። ለዚያ ነው ብዙ ጊዜ ዋጋው ከቆሮሶ ዝቅ የሚለው፣ ለዚያም ነው ድሃ ቤት የሚገባው። ለኔ ግን ይህ ጥሩ አጋጣሚ ሆኖ ነው የታየኝ። አምባዛና ቢልጫ የሚባሉት አሳዎች በደንብ ቢበሉ ኖሮ ሸክሙ ሁሉ ቆሮሶ ላይ ባልወደቀ ነበር።

ሐዋሳ ሐይቅ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፣ 22 ሜትር ያህል ይጠልቃል። የሚወጣ ወንዝ የለውም። የሚገባው አንድ ትልቅ ጅረት ጥቁር ውሃ ነው። ይህ ማለት የገባ ሁሉ ይቀራል ማለት ነው፤ አፈሩም፣ የከተማው ቆሻሻም፣ የሳሙናውም ውሃ። ድሮ ጥቁር ውሃ ከመግባቱ በፊት ጨለለቃ የሚባል ረግረግ ውስጥ ያልፍ ነበር፤ ረግረጉ አፈሩን ያጣራዋል፣ ሣሩ ይይዘዋል። ላይኛው ተራራ ሲመነጠር አፈሩ ረግረጉን ሞላው። አሁን አፈሩ ያለ ከልካይ ሐይቁ ይገባል። አንድ ዕድሜ ጠገብ አጥማጅ «ድሮ ውሃው ውስጥ ያለውን አሳ አይተን ነበር መረብ የምንጥለው» አሉኝ። አሁን እጄን ክንዴ ድረስ ሳስገባ ጣቴ አልታየኝም።

ደግሞ የጾሙ ነገር አለ። ሐዋሳ ላይ ቆሮሶ ዓመቱን ሙሉ ይራባል፣ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ግን ይበረታል። ዐቢይ ጾም ብዙ ጊዜ የሚገባው በየካቲት ነው፣ ሃምሳ አምስት ቀን። የአሳ ፍላጎት ከፍ የሚልበትና አሳው በብዛት እንቁላል የሚይዝበት ጊዜ ይጋጠማል። አጥማጁ ከዓመቱ ገቢው ጥሩውን የሚያገኘው በዚህ ወቅት ነው፤ መረብህን ሰብስብ ብትሉት የዓመቱን ሒሳብ ሰብስብ እንደማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ግን ቢያንስ ቄጠማው ያለበት ዳርቻ፣ ቆሮሶው ጎጆ የሚሠራበት፣ ጫጩቱ የሚደበቅበት፣ እዚያ መረብ ባይጎተት። ያነጋገርኳቸው አጥማጆች ሁሉ በዚህኛው ይስማማሉ። የማይስማሙት ማን ይጠብቀው በሚለው ላይ ነው።

ሰኞ፣ መንገድ

በሐላባና በሶዶ በኩል አርባ ምንጭ። ረጅም ቀን። ሐላባ ላይ በርበሬ ገዛን፣ ሶዶ ላይ ምሳ። ከምዕራብ አባያ ጀምሮ ሙዝ፣ ሙዝ፣ ሙዝ። በግራ በኩል የአባያ ሐይቅ ተንጣሏል፣ ከጣና ቀጥሎ ትልቁ ሐይቃችን ነው። ቀለሙ ቀይ ሸክላ ነው። ከደጋው በየወንዙ የሚወርደው አፈር ነው ያቀላው። ወንድሜ «ይሄ ሐይቅ ነው እርሻ?» አለ። ከእርሻ የመጣ ነው፣ አልተሳሳተም።

ማክሰኞ፣ ጫሞ

አርባ ምንጭ ከላይኛው ከተማ ቁልቁል ሲያዩ በግራ አባያ ቀይ፣ በቀኝ ጫሞ ሰማያዊ፣ በመካከል የእግዜር ድልድይ የሚባለው ሁለቱን የሚለይ መሬት። ጠዋት በጀልባ ጫሞ ገባን። ቱሪስት የሚሄደው አዞዎች ተሰብስበው የሚታዩበት «አዞ ገበያ» ነው፣ የኩልፎ ወንዝ ሐይቁን ከሚቀላቀልበት አጠገብ። እኛም ሄድን፣ አዞዎቹም አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ሲሞቁ አየን። ልጄ ይህን ቀን በሕይወቱ አይረሳውም።

እኔ ግን ዓይኔ የነበረው አጠገባቸው መረብ በሚያወጡት ሰዎች ላይ ነው። አንዳንዶቹ የእንጨት ጀልባ አላቸው። አንዳንዶቹ ቀላል የውሃ ዳር እንጨት ጎን ለጎን አስረው በሠሩት ታንኳ ላይ ነው የተቀመጡት። ታንኳው ጠርዝ የለውም፣ እግራቸው ውሃ ይነካል። አዞ ያለበት ውሃ። አዞ መረቡን የሚቀደው አሳውን ፈልጎ ነው፣ ሰውም ይዞ ያውቃል። ጀልባ ነጂያችን የአጎቱን ልጅ እንዲህ እንዳጣ ነገረን። ከቀብሩ በኋላ ወንድሙ በዚያው ታንኳ ወጣ። «ሌላ ምን ይሠራ ነበር?» አለ፣ ለኔ ሳይሆን ለራሱ።

ጫሞ የታወቀው ናይል ፐርች በተባለው አሳ ነው። ሰው የሚያክል፣ ሁለት ሰው በእንጨት ተሸክሞት የሚሄድ አሳ ከዚህ ይወጣ ነበር። የአዲስ አበባ ሆቴሎች የሚፈልጉት እሱን ነው። ለፐርች ሰፊ ዓይን ያለው መረብ ይበቃ ነበር። ፐርቹ ሲመናመን አጥማጁ ወደ ቆሮሶ ዞረ። ለቆሮሶ መረቡ ጠበበ። ጠባቡ መረብ ደግሞ ቆሮሶን ብቻ አይይዝም፣ ገና ክንድ ያላከለውን የፐርች ጫጩትም ይይዛል። ስለዚህ ፐርቹ ቢፈልግም አይመለስም። ባቱ በረንዳ ላይ የሰማሁት ነገር ጫሞ ላይም ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።

ማረፊያው ላይ ከአሳ አጥማጆች ማኅበር አባላት ጋር ተቀመጥን። ሕግ አለ። የአሳ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ። ማኅበርተኛው ፈቃድ አውጥቶ፣ ግብር ከፍሎ ነው የሚሠራው። ሌሊት በድብቅ የሚገባው ግን ፈቃድም የለው፣ የሚጠይቀውም የለም። «እኛ ሰፊ መረብ እንዘረጋለን፣ እነሱ ከኋላችን በጠባቡ ይጠርጋሉ» አለ አንደኛው፣ ተቆጥቶ ነው። ከጎኑ ያለው ሰው ግን ረጋ ብሎ «እነሱም የኛው ልጆች ናቸው እኮ» አለው። ማኅበሩ አዲስ አባል አይቀበልም ነበር። ልጆቹ አድገዋል፣ ሥራ የለም፣ መሬት የለም፣ ሐይቁ አለ። ሌሊት የሚገባው ሌባ ከሩቅ የመጣ አይደለም፣ የጎረቤት ልጅ ነው፣ አንዳንዴ የራስ ልጅ። ይህን ሲነጋገሩ ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ።

አንዲት እናት ግን ሌላ ነገር ነገሩኝ። ባላቸው አጥማጅ ነበሩ፣ አሁን አርጅተዋል። እሳቸው አሳ ገዝተው፣ አጽድተው፣ ኮተሌት ሠርተው ለምግብ ቤቶች ያቀርባሉ። ሁለት ሴት ልጆቻቸውን በዚሁ አስተምረዋል። «ከሐይቁ ብዙ ማውጣት አይደለም» አሉ፣ «ያወጣነውን አለማበላሸት ነው።» በረዶ ሲጠፋ፣ መኪና ሲዘገይ፣ በሙቀቱ ስንቱ አሳ እንደሚጣል እሳቸው ናቸው የሚያውቁት። ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ያለ በረዶ የቆየ አሳ ዋጋው ግማሽ ነው፤ ያ ግማሽ ነገ በጠባብ መረብ ይካካሳል። እኔ ስለ በረዶ አስቤ አላውቅም ነበር። አሁን አንድ ሰው ለአሳ አጥማጅ ምን ልስጥ ብሎ ቢጠይቀኝ ከመረብ በፊት በረዶ እለዋለሁ።

ምሳ የሳቸውን ኮተሌት በላን። ልጄ ሁለት ሰሃን።

ረቡዕ፣ ወደ ቤት

ሌሊት ተነስተን መንገድ ገባን። መኪና ውስጥ ልጄ ጥያቄ አላለቀበትም። አንደኛው ጥያቄው ይኼ ነበር፦ «እኛ የምንገዛው አሳ ትንሽ ይሁን ትልቅ በምን እናውቃለን?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። አዲስ አበባ ብዙዎቻችን የምንገዛው ፊሌቶ ነው። ጭንቅላት የለው፣ ጭራ የለው፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ በረዶ ሆኗል። ከአንድ ቆሮሶ ክብደት ፊሌቶ የሚወጣው ሲሶው ገደማ ነው። 200 ግራም የማትሞላ አሳ ሁለት ጎኗ ተደምሮ 70 ግራም ቢሆን ነው። በዚህ ስሌት አንድ ኪሎ ፊሌቶ ወደ አስራ አራት አሳ ነው። ግማሽ ኪሎ ከሚመዝን አሳ ከሆነ ግን ስድስት ይበቃል። ልጄ ይህን ስልኬ ላይ አስልቶ፣ እንደገና አስልቶ፣ «እማ፣ ስምንት አሳ ይተርፋል» አለኝ።

ስለዚህ ለጾሙ ከምንገዛበት ሱቅ ሄጄ ፊሌቶውን አንድ በአንድ ዘርግታ እንድታሳየኝ ሻጯን ጠየቅኋት። ገረማት፣ ግን ዘረጋችልኝ። ከጣቴ ትንሽ የሚረዝሙ ነበሩ። «ትልቁ የለም?» ስላት «የሚጠይቅ ስለሌለ አናመጣም» አለችኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከአርባ ምንጭ ሙሉ አሳ በበረዶ የሚያመጣላት ሰው እንዳለ፣ ሰው የማጽዳቱን ነገር ስለሚጠላ ግን እንዳቆመችው ነገረችኝ። እኔ እወስዳለሁ አልኳት። የቢሮ ጓደኞቼን ጠየቅኋቸው፣ ሦስት ቤት ተስማማን። የመጀመሪያው ማክሰኞ የጾሙ መያዣ ሳምንት ላይ ነው፤ አሳውን የሚያጸዳው ልጄ ነው፣ በምላጭ እንጂ በጥርስ እንዳይሞክረው ተስማምተናል።